ቦታ ውስን ነው

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ወረቀት ትንሽ ቢዘም እኮ ሰማይ አይደፋም!» አለች ሬዲዮ።

ስፒል አልመለሰችላትም። መመለስም አትችልም፤ ሦስት ስፒሎች በከንፈሮቿ መካከል ይዛለች። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆማ የፖስተሩን ጠርዝ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጠርዝ ጋር በጣቷ ለካች። አንዱን ስፒል ነቀለች፣ ሦስት ሚሊሜትር ከፍ አድርጋ እንደገና ወጋችው፣ ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየችው። አሁን ልክ ሆነ።

ስሟን ያወጣላት ይኸው ሥራዋ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከእናቷ በቀር መኖሩ ያጠራጥራል። ቀጭን ናት፣ ድምፅ የላትም፣ የላላ ነገር ሲገኝ ደግሞ ሁሉም የሚጠራው እሷን ነው። ሬዲዮም ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ከእንቅልፍ እስክትነሳ እንጂ ከተነሳች በኋላ ዝም ስትል ያያት የለም። የእሁድ ማስታወቂያ በማይክ የምታነበው እሷ ናት። ስፒል ትጽፋለች፣ ሬዲዮ ታነባለች። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሬዲዮ ግን በስንዝር ትረዝማለች፣ ይህንንም በቀን አንድ ጊዜ ሳታስታውስ አትውልም።

የእሁዱ አምልኮ ገና ማለቁ ነው። ሰው ከአዳራሹ እየወጣ ሰሌዳው ጋ ይቆማል። ፖስተሩ የዘመመውም ለዚህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው እየተጋፋ ሲያነበው በትከሻ ተገፍቶ። እንዲህ ይላል፦

*አዳራሻችን አርባ ዓመት ሞላው። በእጃቸው የሠሩትን አባቶችና እናቶች እናመሰግናለን። የወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።*

ከሥሩ በቀይ ማርከር፦ *ቦታ ውስን ነው! ቀድመው ይመዝገቡ።*

ይህች ቀይ መስመር የስፒል ኩራት ናት። ከሦስት ወር በፊት የመዘምራን ዝግጅት ነበር፤ የያኔውንም ፖስተር የሠራችው እሷ ናት። ፊደል ስታስተካክል ሦስት ቀን ፈጅታ፣ በዕለቱ ከኋላ ቆማ የመጣውን ሰው ብትቆጥር ሠላሳ አንድ ሆነ። መዘምራኑ ብቻቸውን ሃያ ስድስት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ «እኛ ወርደን እነሱ ይዘምሩ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። ስፒል ቤቷ ገብታ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ለዚህኛው ዝግጅት ማርከሯን ስታነሳ ታዲያ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ያየችው የኮንሰርት ማስታወቂያ ትዝ አላት። ከሥሩ «ቦታ ውስን ነው» ይላል፤ ያነበበውም ሰው ቆሞ ስልኩን ያወጣል። ስፒልም ቀዩን ማርከር ከፈተች።

ሠራላት። እንዴት እንደሠራ! የመጀመሪያው የምዝገባ ወረቀት በአንድ እሁድ ሞላ። ሁለተኛውን ለጠፈች፣ እሱም ሞላ፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል።

«ነፍስ የሆነ ሥራ ነው የሠራሽው» አለች ሬዲዮ። «ያቺ ጉረኛ ሶፕራኖ እንኳ ስትመዘገብ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷ እኮ የራሷን ልደት የምትረሳ ሰው ናት!»

«አታካብጂ» አለች ስፒል፣ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ። ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ሞቋል።

የፕሮግራም ኮሚቴው ሰብሳቢ መጡ። ፋርማሲስት ናቸው፤ ነገርን ሁሉ እንደ መድኃኒት የሚመዝኑ፣ ምስጋናን እንኳ በጠብታ የሚሰጡ ሴት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወረቀቶቹን ቆጠሩ።

«መቶ አሥራ ስምንት» አሉ። «እኔ ይህን ኮሚቴ ከያዝኩ እንዲህ ያለ ቁጥር አላየሁም። የመጪው እሁድ ማስታወቂያ ላይ አስነስቼሽ በጉባኤው ፊት አመሰግንሻለሁ።»

«እትዬ፣ እባክዎ... በማይክ ነው?»

«በማይክ። አንቺ መቆም ብቻ ነው። ተናገሪ ያለሽ የለም።» ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። «አዳራሹን ከሠሩት ውስጥ አሥራ አንዱ በሕይወት አሉ። በዝግጅቱ ላይ ስለ እያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ ይነበባል። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ። ከአናጢው ጀምሪ፤ አግዳሚ ወንበሮቹን የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

ስፒል ራሷን ነቀነቀች። ከመሄዷ በፊት የቀረቻትን አንዲት ሥራ ጨረሰች። የመጀመሪያው የምዝገባ ወረቀት ያስጠላታል፤ መሐል ለመሐል የተሰረዙ ስሞች፣ ከጎናቸው በጠባብ ቦታ የተጨመሩ ሌሎች ስሞች። ቤቷ በንጹሕ ወረቀት፣ በእኩል መስመር ገልብጣው ነበር፤ የተሰረዙትን ትታ ያልተሰረዙትን ብቻ። አዲሱን ለጠፈች። አሮጌውን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ሰሌዳው አማረ።

---

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የአናጢውን ቤት አገኘችው። ከጓሮው በቆርቆሮ የተከደነች ክፍል አለች፤ የእንጨት ሽታ በሩ ላይ ተቀበላት። ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው የአንዲት ትንሽ በርጩማ እግር በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ። ከበላያቸው መጋዞቹ በመጠን ተራ ይዘው ተሰቅለዋል። ከመጋዞቹ አጠገብ፣ በአራት ሚስማር ተወጥሮ፣ የእሷ ፖስተር!

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ያንቺ እጅ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ቆይ እስቲ፣ ፊደሎቹ እንዴት እንደቆሙ እዪልኝ። አንዱም እግሩን አላጠፈም።» ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው አየሩ ላይ ለኩ። «እኔ ጋ ስንት ተለማማጅ መጥቶ ሄዷል፤ የወንበር አራት እግር እኩል ማድረግ አቅቶት። አንቺ ብትመጪ በሳምንት ትችዪው ነበር።»

ስፒል ደብተሯን ከፈተች። «ስለ አግዳሚዎቹ ልጠይቅዎ ነበር።»

ይህን ሲሰሙ በርጩማዋን ራቅ አደረጓት። እንደዚያ ያለ ወሬ በግማሽ እጅ አይወራም።

«ያኔ አራት ነን፣ ሦስት ጓደኞቼና እኔ። ምእመኑ ተሰብስቦ ስልሳ አይሞላም። እኛ ስንት አግዳሚ ሠራን መሰለሽ? ሃምሳ ሁለት! በአንዱ ላይ ስድስት ሰው ይቀመጣል። ስንት መጣ?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እሰይ! ሰው ግን ሳቀብን። ‹ይህን ሁሉ ለማን ነው የምታሰናዱት፣ ለነፋስ ነው?› አሉን። አንዱ ጓደኛዬ ከኀፍረቱ የተነሳ ሃያ ላይ እናቁም ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ይመጣሉ አልኩ። አርባ ዓመት ጠበቅሁ። እሁድ እሁድ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሆኜ ባዶዎቹን እቆጥራለሁ። ክፉ ልማድ ነው፣ ስብከቱ ያመልጠኛል።»

ስፒል ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ፖስተሩን በጣታቸው አመለከቱ፣ ከሥር ያለችውን መስመር።

«ይህቺን ሳነብ ግን፣ ልጄ... ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት። ‹ቦታ ውስን ነው›። እኔ የሠራሁት አዳራሽ ለሰው አይበቃም ተብሎ ተጻፈ! እዚያው ሰሌዳው ጋ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰው አብዷል ሳይል አልቀረም።»

የስፒል እስክሪብቶ ቆመ።

«ያን ቀን... ከፊት መስመር ነው የሚቀመጡት» አለች ቀስ ብላ። «ቦታ ይያዝልዎታል።»

«እኔ? እኔማ አልመጣም።»

«እንዴት አባባ?»

«ስሜን ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ጎረቤቴ አንድ ጎልማሳ አለ፣ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አያውቅም፤ የእሱን ጻፍኩለት። እኔ አርባ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ሰው በዝቶ ወንበር ካነሰ ለእንግዳ መነሳት ያለበት ባለቤቱ ነው። ጓደኞቼም እንደዚያው አደረጉ፤ ተመካክረን ነው።» ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር የሐዘን ዘር አልነበረበትም። እንዲያውም ደረታቸው ቀና ብሏል። «ውጭ በር ላይ ቆሜ ሲገቡ አያለሁ። ያ ይበቃኛል።»

አሁኑኑ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ሦስት ቃል ነው፦ አባባ፣ እውነት አይደለም። አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ጠበቋት፤ እሷ ግን «ስለ እንጨቱ ዓይነት ይንገሩኝ» አለች።

---

መንገድ ላይ አንድ የአጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሮጌውን የምዝገባ ወረቀት ከደብተሯ አወጣች። የተሰረዙትን ቆጠረች። ዘጠኝ። እየተንቀጠቀጠ የተጻፈ የሽማግሌ እጅ ጽሑፍ፣ በላዩ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር፤ አንዱም አልተሞነጫጨረም። ፋርማሲስቷ ከሰጧት ስም ዝርዝር ጋር አስተያየቻቸው። አሥራ አንዱ ከሚባሉት ዘጠኙ እነዚህ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ መጀመሪያውንም አልጻፉም።

ዝግጅቱ የተዘጋጀላቸው ሰዎች በሙሉ ራሳቸውን ከዝግጅቱ ሰርዘዋል። እሷ ደግሞ ያንን አጽድታ፣ አሳምራ ገልብጣዋለች።

ሬዲዮ ነገሩን ስትሰማ አልደነገጠችም። ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ማስቲካዋን እያላመጠች አሰበች፤ ከእሷ ጋር ሲሆን ማሰብም ድምፅ አለው።

«ቀላል ነው! እኔ ነገ ማስታወቂያ ሳነብ ‹ተጨማሪ ቦታ ስለተገኘ› እላለሁ። አበቃ። እነሱ ይመዘገባሉ፣ አንቺ ትመሰገኛለሽ፣ ማንም አልተነካ።»

«ከየት ነው የተገኘው?»

«ምኑ?»

«ተጨማሪው ቦታ።»

«ኧረ ስፒል፣ አቦ ፈታ በይ! ከየት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ?»

«እሳቸው ይጠይቃሉ። አግዳሚዎቹን ይቆጥሯቸዋል።»

ሬዲዮ ማስቲካዋን ማላመጥ አቆመች። «እውነቱን ከነገርሻቸው ደግሞ ደስታቸውን ነው የምትወስጂባቸው። አስበሽዋል?»

ስፒል አስባዋለች። ከእዚያ ክፍል ከወጣች ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ማታ እናቷ የነርስ ጋውኗን እየተኮሰች የቀን ውሎዋን ታወራለች። ክሊኒካቸው መግቢያ ላይ የልጇን ፖስተር ለጥፋለች፤ ዛሬም ሁለት ሰው ማን እንደሠራው ጠይቋታል፣ ለሁለቱም «የእኔ ልጅ» ብላለች። ከዚያ ስለ አንድ የአራት ዓመት ሕፃን አነሳች።

«አዲሷ ነርስ ‹አያምህም› ብላ ወጋችው። ለሁለተኛው መርፌ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለን። እኔ ተንበርክኬ ‹ያማል፣ ግን አምስት እስክንቆጥር ነው› ስለው ራሱ ወጥቶ ክንዱን ሰጠኝ። ቆጠራውን ደግሞ ሦስት ላይ አቋርጦ ‹በቃ ጨረስሽ?› አይለኝም!» ሳቀች። «ምነው፣ አልሳቅሽም?»

«ሳቅሁ እኮ» አለች ስፒል። ደብተሯን ከፍታ የአናጢውን ግማሽ ገጽ ጀመረች። ሁለት መስመር ጻፈች። «ይመጣሉ አልኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ተወችው።

---

እሁድ አዳራሹ እንደወትሮው ነበር፤ ከፊት ጠበብ ብሎ፣ ወደኋላ ሳሳ ብሎ። አናጢው ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው። ስፒል ከጎን ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። የማስታወቂያ ሰዓት ደረሰ። ሬዲዮ ከመነሳቷ በፊት የታጠፈ ወረቀት አሳየቻት፦ *ተጨማሪ ቦታ ስለተገኘ...*

«ላንብበው?» አለች በሹክሹክታ። ለአንድ ጊዜ ድምፅዋ እውነትም ትንሽ ነበር።

ፋርማሲስቷ ግን ቀድመው ማይኩ ጋ ቆመዋል። «ከሁሉ በፊት» አሉ፣ «በመጪው እሁድ ለምናደርገው ዝግጅት እስከ ዛሬ መቶ አሥራ ስምንት ሰው ተመዝግቧል። ይህ የአንዲት ልጅ እጅ ሥራ ነው። ተነሽ፣ ልጄ።»

ስፒል ተነሳች። ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደኋላ ሄደ። ዞር ስትል አናጢው ከሁሉም በላይ ሲያጨበጭቡ አየቻቸው፤ እጃቸው ሰፊ ነው፣ ድምፁም እንደ ጣውላ። እናቷም ከመሐል ቆማለች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም፣ ጣፋጭ ነበር፤ ትንሽ ቆየችበት።

ከዚያ የሬዲዮን ወረቀት ከእጇ ወሰደች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ወደ ማይኩ ሄደች።

ማይኩ የቆመው በሬዲዮ ቁመት ነው። ዝቅ ስታደርገው ሲጥ አለ፤ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። ፋርማሲስቷ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዱላት።

«አግዳሚዎቹ ሃምሳ ሁለት ናቸው» አለች። ድምፅዋን በድምፅ ማጉያው ስትሰማው የሌላ ሰው መሰላት። «በአንዱ ላይ ስድስት ሰው ይቀመጣል። የተመዘገብነው መቶ አሥራ ስምንት ነን። ቦታው... ቦታው ውስን አይደለም። መቼም አልነበረም። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይቀር ፈርቼ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ለሌላ ሰው ቦታ ለመልቀቅ ስማቸውን ሰርዘዋል። አዳራሹን የሠሩት ናቸው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ስገለብጥ ዘለልኳቸው። አሮጌውን ወረቀት ይዤዋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና... ተመልሳችሁ ተመዝገቡ።»

አንድ ሰው ሳለ።

ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አናጢው ተነሱ።

«ሃምሳ ሁለት አይደሉም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አንዱን የዛሬ አሥር ዓመት ቆርጠን ለሕፃናቱ ክፍል መደርደሪያ አድርገነዋል። ሃምሳ አንድ ነው። ማስታወቂያ ከሆነ በትክክል ይነገር!»

ከመሐል ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ስፒል መሳቅ ይሁን ማልቀስ ሳታውቅ «እሺ አባባ፣ ሃምሳ አንድ» አለች በማይኩ፤ ሳቁም ባሰ።

ፋርማሲስቷ በጎኗ ሲያልፉ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ምስጋናዬን መልሼ አልወስድም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀዩን መስመር ግን ዛሬውኑ አንሺ።»

---

ሰው ሲወጣ አናጢው ሰሌዳው ጋ ቆመው አገኘቻቸው። አዲሱንና አሮጌውን ወረቀት ጎን ለጎን አደረገችላቸው። ለረጅም ጊዜ አላነበቡም፤ በተከፈተው በር አሻግረው ወደ አግዳሚዎቹ ይመለከታሉ።

«አልሞላም ማለት ነው» አሉ።

«አልሞላም አባባ።»

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ። ለዚያ ነው ትናንት መናገር ያቃተኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ረገበ፤ ከዚያ ጣታቸው አየሩ ላይ መሥራት ጀመረ፣ ይቆጥራሉ። «ሃምሳ አንድ በስድስት፣ ሦስት መቶ ስድስት። መቶ አሥራ ስምንቱ ሲነሳ... መቶ ሰማንያ ስምንት ባዶ ቦታ። ሳምንት አለን።» እጃቸውን ዘረጉ። «እስክሪብቶ።»

ሰጠቻቸው። ከመጨረሻው ስም ሥር የራሳቸውን ጻፉ፤ ቀስ ብለው፣ እንጨት እንደሚቀርጽ ሰው። የጎረቤታቸውን ስም አልነኩትም።

«ፖስተር ተርፎሻል?»

«አሥራ አምስት።»

«አምጪው። እነዚያ ጓደኞቼ እግራቸው ነው እንጂ የደከመው አፋቸው አልደከመም። አገሩን ያዳርሱታል።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «ሥሩን ግን አስተካክለሽ ስጪኝ። ውሸት ይዤ አልዞርም።»

ሬዲዮ መቀስ አመጣች። ከአጠገቧ ተቀምጣ ነጭ ወረቀት በስስ በስሱ እየቆረጠች ትሰጣታለች፤ የሚገርመው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስፒል የመጀመሪያውን ቁራጭ በቀዩ መስመር ላይ ለጠፈችና ባዶውን ነጭ ቦታ አየችው። ቀዩን ማርከር አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ጥቁሩን ከፈተች። አሥራ ስድስት ፖስተር አለ፤ አንዱ የሰሌዳው፣ አሥራ አምስቱ የሽማግሌው። ፊደሎቹን እግራቸው ቀጥ እንዲል አድርጋ፣ ያለ ቃለ አጋኖ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች፦

*ቦታ አለ።*